«ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» እየተባልኩ ለከተማው ምክር ቤት ልወዳደር?

ጤና ይስጥልኝ ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣

የ43 ዓመት ሴት ነኝ። በ2009 እ.ኤ.አ. ዲቪ ደርሶኝ ወደ አሜሪካ መጣሁ። የምኖረው ዋሽንግተን ስቴት፣ ከሲያትል በስተደቡብ ባለች ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። ስሟ ባይጠቀስ ደስ ይለኛል፤ እዚህ ያለው ሐበሻ እርስ በርሱ ይተዋወቃል። ባለቤቴ ታክሲ ይነዳል። እኔ ፖስታ ቤት ነው የምሠራው፤ ማታ ማታ ደብዳቤና ጥቅል እለያለሁ። የ14 ዓመት ሴትና የ9 ዓመት ወንድ ልጅ አሉን። ዜግነት የወሰድኩት በ2015 ነው።

ነገሩ የመጣው በመንገድ ምክንያት ነው። ልጆቻችን አውቶቡስ የሚጠብቁት ከአፓርታማችን ፊት ለፊት ካለው ዋና መንገድ ማዶ ነው። መኪናው እንደ ጉድ ነው የሚበረው። የእግረኛ መብራት አልነበረም። አንድ ጠዋት የጎረቤቴን ልጅ መኪና ለጥቂት ሳታት። በዚያው ሰሞን ፊርማ ማሰባሰብ ጀመርኩ። ሶማሌውም፣ ሜክሲኮውም፣ ሕንዱም ፈረመልኝ። ከዚያ የከተማው ምክር ቤት ስብሰባ ላይ ሄጄ ተናገርኩ። ለአንድ ሰው 3 ደቂቃ ነው የሚሰጡት። እጄ እየተንቀጠቀጠ ከወረቀት ላይ አነበብኩላቸው። ከወራት በኋላ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ተተከለ።

ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሰው ችግሩን ሁሉ ይዞ እኔ ጋ ይመጣል። አንዲት የምክር ቤቱ አባል ደግሞ በቅርቡ አግኝታኝ «አንድ ወንበር ክፍት ሊሆን ነው፤ ለምን አትወዳደሪም?» አለችኝ። እዚያው ሳቅኩ። ቤት ገብቼ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ለባለቤቴ ስነግረው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» አለኝና ዝም አለ። እስካሁን ዝም እንዳለ ነው። እናቴ ደሴ ናት። በስልክ ስነግራት አለቀሰች። አባቴ በደርግ ጊዜ ታስሮ ነበር። «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ ነው ልጄ፣ ለልጆችሽ እዘኚ» ትለኛለች። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። አንድ ሽማግሌ «ለመሆኑ አንቺ ከየትኞቹ ነሽ?» አሉኝ። ባለፈው ጦርነት ማኅበረሰባችን ሁለት ሦስት ቦታ ተከፍሏል፤ ማን ይመርጠኛል?

ከሁሉም የሚያስፈራኝ እንግሊዝኛዬ ነው። ሥራ ላይ እግባባለሁ። ስናደድ ወይም ስደነግጥ ግን ቃሉ ይጠፋብኛል። ልጄ «ማሚ፣ ሰው ይስቅብሻል» ብላኛለች። በሌላ በኩል ደግሞ ያ መብራት የበራ ቀን የተሰማኝን ደስታ ለማንም ልነግረው አልችልም። ልተወው ወይስ ልግባበት? የመንግሥት ሠራተኛ ሆኜስ ይፈቀድልኛል?

እንቅልፍ ያጣሁ፣ ከሲያትል ደቡብ

*

እህቴ፣

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ ቁርጥ ያለ መልስ ያለው እሱ ነው። ይፈቀድልሻል። የፌዴራል ሠራተኞችን የፖለቲካ እንቅስቃሴ የሚገድብ ሃች አክት የሚባል የ1939 ሕግ አለ፤ የፖስታ ቤት ሠራተኞችንም ይይዛል። ሕጉ የሚከለክለው ግን ፓርቲዎች በሚፎካከሩበት ምርጫ እጩ መሆንን ነው። በዋሽንግተን ስቴት የከተማ ምክር ቤት ምርጫ ፓርቲ የለበትም። ድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ከስምሽ አጠገብ ዴሞክራት ወይም ሪፐብሊካን የሚል አይጻፍም። ስለዚህ ሥራሽን ሳትለቂ መወዳደር ትችያለሽ።

ሁለት ነገር ብቻ ተጠንቀቂ። በሥራ ሰዓት፣ በሥራ ቦታ ወይም የፖስታ ቤቱን ልብስ ለብሰሽ ስለ ውድድርሽ አንድ ቃል እንዳይወጣሽ። እንዲሁም የፓርቲ ሰው መስለሽ አትቅረቢ፤ የፓርቲ ድጋፍ ይዘሽ ከዘመትሽ ምርጫው ለአንቺ እንደ ፓርቲ ምርጫ ሊቆጠርብሽ ይችላል። ይህን ሕግ የሚያስፈጽመው ኦፊስ ኦፍ ስፔሻል ካውንስል የሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው፤ ለጠየቀው ሠራተኛ ምክር ይሰጣል። ሁኔታሽን ጽፈሽ ጠይቂያቸው፤ መልሳቸውንም በጽሑፍ ያዢ። ወደፊት ለስቴቱ ምክር ቤት ልወዳደር ካልሽ ግን ያ የፓርቲ ምርጫ ነውና ፖስታ ቤቱን መልቀቅ ይመጣል። ያ ሌላ ቀን የሚታሰብ ነው።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ልምጣ። ከደብዳቤሽ ሁሉ እኔን ያሳሰበኝ የእሱ ዝምታ ነው። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያለ ሰው አልችልም አላለሽም፤ ፈራ እንጂ። ምን እንደፈራ ጠይቀሽዋል? ምናልባት ማታ አንቺ ሥራ፣ ቀን ስብሰባ ስትሄጂ ቤቱ እሱ ላይ ይወድቃል ብሎ ይሆናል። ምናልባት ቡና ቤት ታክሲ አቁመው የሚቀመጡት ጓደኞቹ «የእገሊት ባል» ይሉኛል ብሎ ይሆናል። ይህን ወንድ ልጅ አፉን ሞልቶ አይናገረውም። ወይም ደግሞ ተሸንፈሽ ስትጎጂ ማየት አይፈልግም። ሦስቱም የተለያየ መልስ የሚፈልጉ ናቸው፤ የትኛው እንደሆነ ሳታውቂ ልታሳምኚው ብትሞክሪ ንፋስ መጎሰም ነው።

ደግሞም የእሱ ፈቃድ ለፍቅር ብቻ ሳይሆን ለወረቀቱም ያስፈልግሻል። በዋሽንግተን እጩ የሆነ ሰው ፐብሊክ ዲስክሎዠር ኮሚሽን ለሚባለው መሥሪያ ቤት የገቢና የሀብት መግለጫ ይሞላል። ቅጹ የአንቺን ብቻ አይጠይቅም፤ የትዳር ጓደኛሽንም ገቢ ይጨምራል። የባለቤትሽ የታክሲ ሥራ እዚያ ላይ ይሰፍራል ማለት ነው። ማንም ሰው ጠይቆ ሊያየው ይችላል። ነውር ያለበት ነገር የለም፤ ግን አንድ ሐበሻ አባወራ ገቢው በአደባባይ መውጣቱን ከሚስቱ ቀድሞ ከጎረቤት ቢሰማ ምን እንደሚሆን ለአንቺ አልነግርሽም። ከመመዝገብሽ በፊት ቁጭ ብላችሁ ቅጹን አብራችሁ እዩት። እሱ ቀጥታ እምቢ ካለ፣ ዘንድሮ አትግቢ። ይህን ስልሽ ባል ስለሆነ ይታዘዝለት ማለቴ አይደለም። ለወራት የሚዘልቅ ነገር ነው፤ ያኮረፈ ሰው ያለበት ቤት ያን ሁሉ ወር አይሸከምም።

አንድ የሚጠቅምሽ ነገር አለ። ያቺ «ተወዳደሪ» ያለችሽ የምክር ቤት አባል ባል አላት? ካላት ባለቤትሽን ከእሱ ጋር አገናኝልኝ በያት። ወንድ ከወንድ የሚሰማው ነገር አለ። ስንት ማታ ብቻውን እራት እንዳበላ፣ ስብሰባው ስንት ሰዓት እንደሚያልቅ፣ ሰው ሱቅ ውስጥ አስቁሞ ስለ ቆሻሻ መኪና ሲጠይቀው ምን እንደሚመልስ ይንገረው። ከዚያ የወር መቁጠሪያ ፍሪጁ ላይ ለጥፉ። ከምዝገባው ወር ከሜይ እስከ ምርጫው ወር ኖቬምበር የአንቺን ሺፍት፣ የእሱን ሺፍት፣ የልጁን ኳስ ልምምድ ጻፉበት። ባዶ የቀሩትን ሰዓቶች ቁጠሩ። ባዶ ቦታ ከሌለ ክርክሩ እዚያው ያልቃል፤ ማንም ማንንም አላሸነፈም።

የእናትሽን ለቅሶ በቀላሉ ልንሻገረው አይገባም። ባሏ የታሰረባት ሴት ናት። «እዚህ አሜሪካ ነው፣ እንደዚያ አይደለም» ብሎ ስልክ መዝጋት አይሆንም። ምናልባት የሚያረጋጋት የምትሠሪውን በዝርዝር መንገር ነው። «እማዬ፣ የማወራው ስለ መንገድ መብራት ነው፤ ስለ ውሃ መውረጃ ነው፤ ስለ ፓርክ አጥር ነው» በያት። የከተማ ምክር ቤት ሥራ እውነትም ይኸው ነው። መብራቱንም ፎቶ አንስተሽ ላኪላት። ደሴ ላይ ሆና የልጇን መብራት ትየው። አትሰጊ ግን አትበያት፤ እናት አትሰጊ ስላሏት አታቆምም።

የእሷ ስጋት ሙሉ በሙሉ ከንቱ ነው ብዬ ግን አልዋሽሽም። ከኬንያ ስደተኞች ካምፕ ልጅ ሆና የመጣችው ኢልሃን ኦማር ዜግነት ያገኘችው በ2000 ነው። በ2019 የኮንግረስ አባል ሆናም «ወደ መጣሽበት ተመለሺ» ተብላለች፤ ያውም ከፕሬዚዳንቱ። የአንቺ ከተማ ኮንግረስ አይደለም። ሆኖም ፌስቡክ ላይ ስለ ስምሽ፣ ስለ ፀጉርሽ፣ ስለ ሃይማኖትሽ የሚጽፍ ሰው አይጠፋም። ከእንግዶቹ ይልቅ የራሳችን ሰው የሚጽፈው ይብሳል፤ እሱን በአማርኛ ነው የምታነቢው። ገና ከመጀመሪያው ያንን የሚያነብልሽና የሚሰርዝልሽ ሌላ ሰው መድቢ። ልጅሽን ግን እንዳታደርጊያት። የቤት አድራሻሽም በየወረቀቱ እንዳይወጣ የፖስታ ሳጥን ቁጥር ተከራዪ፤ ዋጋውን ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ስለ እንግሊዝኛሽ ደግሞ ይህን ልበልሽ። ሰው በ3 ደቂቃ ውስጥ፣ ያውም እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ መብራት ካስተከለ እንግሊዝኛው ሥራውን ሠርቷል። ካልደነገጥሽ ቃሉ አይጠፋሽም ማለት ነው፤ ስለዚህ መደንገጥን መልመድ ነው የቀረሽ። ከሚቀጥሉት ስብሰባዎች እስቲ ሁለቱ ላይ ተናገሪ፤ በሁለተኛው ላይ ወረቀቱን ቦርሳሽ ውስጥ ተዪው። ቤት ውስጥ ደግሞ ልጅሽ ክፉ ጠያቂ ሆና ታፋጥሽ። የ14 ዓመት ልጅ እናቷን ማፋጠጥ ትወዳለች፤ ምክንያት ካገኘችማ ምን ልበልሽ። «ይስቁብሻል» ያለችሽም አፍራብሽ ብቻ አይመስለኝም። ተሳቅቃልሽ ነው። የድካምሽ ተካፋይ ስትሆን መሳቀቁ ይቀንሳል።

ሌሎች እንዴት እንደሆኑ ማወቅም ያበረታል። ኦባላ ኦባላ የጋምቤላ ልጅ ነው። በ2003 ከነበረው ጭፍጨፋ ሸሽቶ ኬንያ ገባ፤ ዳዳብ ካምፕ ውስጥ ኖረ። አሜሪካ የደረሰው በ2013 ነው። ዜግነት ያገኘው በ2019 መጨረሻ ላይ ሲሆን ዓመት ሳይሞላው በኖቬምበር 2020 ኦስቲን በምትባል የሚኒሶታ ከተማ ለምክር ቤት ተመረጠ። በዚያ ምክር ቤት ታሪክ የመጀመሪያው ጥቁር እሱ ነው። ከዚያ በፊት በኮሌጁም በከተማውም ጉዳይ እየሮጠ ሰው ያውቀው ነበር።

ወደ እናንተ ሰፈር ስንመጣ ሲታክን ታውቂያታለሽ፤ ኤርፖርቱን የከበበችው ከተማ ናት። በ2019 ምርጫ ሁለት ትውልደ ኢትዮጵያውያን ምክር ቤቷ ገቡ፤ ታከለ ጎበና እና ሰናይት ንጉሤ። ታከለ የኡበር ሹፌር ነበር፤ ስሙ የወጣው ስለ ሹፌሮች መብት ሲሟገት ነው። በዚያው በ2019 ግርማይ ዛሂላይ ሲያትልንና አካባቢዋን በያዘው አስተዳደር፣ በኪንግ ካውንቲ ምክር ቤት ለረጅም ዓመታት የቆዩትን ላሪ ጎሴትን አሸንፎ ገባ፤ በ2025 ደግሞ የካውንቲው ዋና አስተዳዳሪ ሆኖ ተመረጠ። ግርማይ ግን ለአንቺ ልክ የሆነ ምሳሌ አይመስለኝም። ወላጆቹ ስደተኞች ናቸው፤ እሱ ሱዳን ተወልዶ በሕፃንነቱ ነው ሲያትል የመጣው፤ የሕግ ትምህርቱን የጨረሰውም እዚሁ አሜሪካ ነው። ሐበሻው እሱን እየጠቀሰ «እንደዚያ ካልተማርሽ» ሊልሽ ይችላል። አንቺ ማየት ያለብሽ ሹፌሩን ነው።

አሁን ስለ ሽማግሌው ጥያቄ። «ከየትኞቹ ነሽ?» ላሉሽ ምን መለስሽላቸው? ደብዳቤሽ ላይ አልነገርሽንም። ይህ ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል፤ በተለያየ አፍ፣ አንዳንዴም በስልክ ማታ። ላንዱ አንድ፣ ለሌላው ሌላ ከመለስሽ ግን በሳምንት ውስጥ ሁለቱም ጋ ይደርሳል። እኔ ብሆን የምለው «አባቴ፣ የከተማው ምክር ቤት ስለ ኢትዮጵያ ጦርነት አይወስንም። እኔ የምጠይቅዎ እዚህ ስላለው መንገድ ነው» ነው። ሐዘን ላለበት ቤት ግን እንደ ፖለቲከኛ አትሂጂ። ወገን ሳትለዪ እንደ ጎረቤት ሂጂ፤ አልቅሺ፤ ውጪ። የቤተ ክርስቲያኑን መድረክ፣ የማኅበሩን ማይክሮፎን ለቅስቀሳ አትጠይቂ። ዛሬ ቢፈቀድልሽ ነገ ሌላው ይጠይቅና ጠቡ በአንቺ ስም ይቀጥላል። ደጁ ላይ ሰላም ማለት ይበቃል።

ደግሞ ሌላ ነገር፤ ሐበሻው ቢከፋፈልም ባይከፋፈልም ብቻውን አያስመርጥሽም። ይህን ብዙ እጩዎቻችን ዘግይተው ነው የሚረዱት። አዳራሽ ሞልቶ ሲጨበጨብ ያሸነፉ ይመስላቸዋል። ከጨብጫቢው ግማሹ ሌላ ከተማ ነው የሚኖረው፤ ከቀረው ውስጥ ዜግነት ያልወሰደ አለ፤ ዜግነት ያለውም የድምፅ መስጫው ወረቀት በፖስታ ሲመጣለት ከማስታወቂያ ጋር ይጥለዋል። ያንን ወረቀት ስትለዪ የምታድሪው አንቺ ነሽና ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። በእናንተ ስቴት የከተማ ምርጫ የሚደረገው ጎዶሎ ቁጥር ባላቸው ዓመታት ነው፤ ፕሬዚዳንት በማይመረጥበት ጊዜ። ስለዚህ ድምፅ የሚሰጠው ሰው ቁጥር ትንሽ ነው። አዘውትረው የሚሰጡትም በዕድሜ የገፉ፣ የራሳቸው ቤት ያላቸው ሰዎች ናቸው።

ትንሽ ስል ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ልንገርሽ። በ2013 ሲታክ ውስጥ ለኤርፖርትና ለሆቴል ሠራተኞች የሰዓት ክፍያ 15 ዶላር ይሁን የሚል ሐሳብ ለሕዝብ ድምፅ ቀረበ። አገር ሁሉ ያወራበት ነገር ነው፤ ከሁለቱም ወገን ብዙ ገንዘብ ፈስሶበታል። ድምፅ የሰጠው ወደ 6 ሺህ ሰው ነው። ሐሳቡ ያለፈው በ77 ድምፅ ነው። ሰባ ሰባት! በአንቺ አፓርታማ ግቢ ውስጥ ስንት ሰው አለ?

ስለዚህ ሥራው በር ማንኳኳት ነው። የመራጮች ዝርዝር ከካውንቲው የምርጫ ቢሮ ይገኛል፤ ማን መራጭ እንደሆነ፣ በየትኞቹ ምርጫዎች ድምፅ እንደሰጠ ያሳያል። እሱን ይዘሽ በየምርጫው ድምፅ የሚሰጡትን ሰዎች በር አንኳኪ። ብዙዎቹ ስምሽን መጥራት የማይችሉ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ይሆናሉ። ንግግርም አታብዢ። «እዚያ መንገድ ላይ ያለውን መብራት ያስተከልኩት እኔ ነኝ። እርስዎስ በዚህ ሰፈር ምን ያስቸግርዎታል?» በያቸው፤ ከዚያ ዝም ብለሽ አዳምጪ። የነገሩሽን ማስታወሻ ላይ ጻፊ። በሳምንቱ ደውለሽ የደረስሽበትን ንገሪያቸው። እንዲህ የሚያደርግ እጩ ብዙ የለም፤ ከተናጋሪ ሁሉ የምትበልጪውም በዚህ ነው። ባለፈው ፊርማ ያስፈረምሻቸው የሶማሌና የሜክሲኮ ጎረቤቶችሽ ደግሞ የየራሳቸውን ሰው በር አብረውሽ እንዲያንኳኩ ጠይቂ።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ እባክሽ በዚህ አትሳሳቺ። ግሪን ካርድ ብቻ ያለውን ሰው «ተመዝገብና ምረጠኝ» እንዳትዪ። ዜጋ ሳይሆን ዜጋ ነኝ ብሎ የመራጭ ቅጽ የሞላ ሰው ኑሮው ሊበላሽ፣ ከአገር እስከ መባረር ሊደርስ ይችላል። በአንቺ ፍቅር ብሎ የሚያደርገው ሰው ይኖራልና ቀድመሽ ለሁሉም ንገሪ። ገንዘብም እንዲሁ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለዘመቻሽ ማዋጣት ይችላል። አዲስ አበባ ያለው ወንድምሽ ግን 50 ዶላር እንኳ ቢልክልሽ መልሺለት፤ በቪዛ ከመጣች ዘመድሽም አትቀበዪ፤ ሕጉ ይከለክላል። እንደ ሠርግ መዋጮ በፌስታል የሚሰበሰብ ጥሬ ገንዘብም አይሆንም፤ ማን ስንት እንደሰጠ መመዝገብ አለበት። ዕቁብ የሚሰበስቡልሽ ዓይነት፣ ሂሳብ የሚወድ፣ ሳንቲም የማያልፈው ሰው ታውቂያለሽ? እሱን ገንዘብ ያዥ አድርጊው። ትንሽ ገንዘብ ብቻ ለሚሰበስቡ እጩዎች ቀለል ያለ የሪፖርት አሠራር አለ፤ የሀብት መግለጫውን የሚቀበለውን ኮሚሽን ስለ እሱ ጠይቂ።

ለመመዝገብ የሚከፈለው ከወንበሩ ዓመታዊ ክፍያ 1 በመቶ ነው። ክፍያው ለምሳሌ 12,000 ዶላር ከሆነ 120 ዶላር ማለት ነው። ከዚህ ሌላ በአብዛኞቹ ከተሞች ከምርጫው በፊት አንድ ዓመት በከተማው የኖረ፣ የተመዘገበ መራጭ መሆን ይጠይቃል። አድራሻሽ እውነተኛ አድራሻ ይሁን። ምዝገባው በሜይ ነው። ለወንበሩ ከሁለት ሰው በላይ ከተመዘገበ በኦገስት ማጣሪያ አለ፤ ብዙ ድምፅ ያገኙት ሁለቱ ለኖቬምበር ያልፋሉ። የመራጮች መመሪያ መጽሔት ላይ ስለ ራስሽ አጭር ጽሑፍና ፎቶ ይወጣልሻል። ያንን ጽሑፍ አቅልለሽ አትዪው፤ አንቺን በአካል የማያገኝሽ መራጭ የሚያነበው እሱን ነው። መብራቱን የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ አስገቢው።

እስቲ አሁን እኔ ልጠይቅሽ። የምክር ቤት ሥራ ሁሌ መብራት መትከል አይደለም። አብዛኛው ወፍራም የበጀት ሰነድ ማንበብ፣ ስለ ፍሳሽ ቱቦ ሁለት ሰዓት መስማት፣ ሰባት ሰው ተከራክሮ በአንድም ነገር ሳይስማማ ሲለያይ ማየት ነው። ይህን ትወጂዋለሽ? ሰዎች ችግራቸውን ይዘው ሲመጡ ያንቺ መልስ «አይቻልም» የሚሆንበት ቀንም ይመጣል። የሰፈሩ ሰው ዛሬ የሚወድሽ እምቢ ስላላልሽው ነው። እምቢ ማለት ትችያለሽ? እነዚህን ለመመለስ ሩቅ አትሂጂ። ከአሁን እስከ ምዝገባው ያሉትን ስብሰባዎች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተቀመጪባቸው፤ ማታ ሺፍት ሲሆን በቪዲዮ ተመልከቺ። አሰልችቶሽ ካለቀስሽ መልሱ ተገኘ። «ይህንንማ እኔ በተሻለ ነበር የምጠይቀው» እያልሽ ወንበርሽ ላይ የምትቁነጠነጪ ከሆነም ተገኘ።

እኔን ከጠየቅሽኝ የምትቁነጠነጪ ይመስለኛል። ደብዳቤሽ ውስጥ ለማንም መናገር ያቃተሽን ደስታ ለማናውቅሽ ሰዎች ነግረሽናል። ያንን ደስታ ለባለቤትሽ ነግረሽዋል? ወንበሩን ነገርሽው እንጂ ደስታውን የነገርሽው አይመስለኝም።

እሱ «ዘንድሮ አይሆንም» ካለ ወይም የፍሪጁ ወረቀት ባዶ ሰዓት ካላሳየ ሌላ በር አለ። ከተማሽ የፕላን ኮሚሽን ወይም የአማካሪ ኮሚቴ ካለው ማመልከቻ አስገቢ። ምርጫ የለበትም፣ ገንዘብ አይሰበሰብበትም፣ ስብሰባውም ጥቂት ነው፤ የዞኒንጉን (የትኛው ቦታ ላይ ምን ይሠራ የሚለውን ደንብ) እና የበጀቱን ቋንቋ ግን እዚያ ትለምጂዋለሽ። የምክር ቤት አባል በመሃል ሲለቅ የቀሩት አባላት ተተኪ ይሾማሉና፣ ያኔ ከሚያውቁት ሰው ይጀምራሉ። ተወዳድረሽ ብትሸነፊም እንደዚሁ ነው፤ የተሸነፈ ሰው ስም ከማይታወቅ ሰው ስም ይቀድማል።

ለዚህ ሳምንት ሦስት ነገር ብቻ አድርጊ። ለስፔሻል ካውንስል ቢሮ ጥያቄሽን ላኪ። የሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ስምሽን ለተናጋሪ አስመዝግቢ። ያቺን የምክር ቤት አባል ደግሞ ደውለሽ የትኛው ወንበር እንደሚለቀቅ፣ የያዘው ሰው በእርግጥ እንደማይወዳደር፣ ሌላ ማንን «ተወዳደር» እንዳለችው ጠይቂያት። የመጨረሻውን ጥያቄ ሳታፍሪ ጠይቂ፤ አንዳንዱ ሰው ለሦስት ሰው አንድ ወንበር ቃል ይገባል።